ላጲስ

ጠዋት ጠዋት የሙዘይንን ጁስ ቤት በጓሮ በር አንኳኳለሁ፤
«የአቮካዶዋ ልጅ መጣች» ይላል፤ ጆንያ ይዤ እቆማለሁ።
ለጠጪው ሥጋውን፣
ለእኔ ፍሬውን፤
አቀለልኩለት የጥራጊውን ዕዳ፣ የመኪናውን ክፍያ።
አንድ ቀን ጠየቀኝ፦ «ለከብት ነው? ለፀጉር ቅባት?»
«ለውሃ» አልኩት።
ሳቀ። «ውሃማ ከቧንቧ ነው፣ ከአቮካዶ አልሰማሁም።»

አራት ኪሎ፣ ከላቦራቶሪው ጣሪያ ላይ ዘርግቼ አደርቀዋለሁ፣
ቁራ ሊነጥቅ ሲወርድ በጫማዬ እመልሳለሁ፤
ሲደርቅ እንደ ቆዳ ይኮማተራል፣ እንደ ጡብ ይቀላል፣
በሙቀጫ ሲወቀጥ የሦስተኛ ፎቅ መስኮት ይንቀጠቀጣል፤
አሲድ ጠጥቶ ያድራል፣ ምድጃ ገብቶ ይከስላል።

የመጀመሪያው ቀን፣ አምስት መቶ ዲግሪ ሊደርስ ሲል
መብራት ሄደ።
ሁለተኛው አመድ ሆነ።
ሦስተኛውን ጋሽ ወርዶፋ በክዳን አፍኖ፣ አየር ከልክሎ፣
ወንበር ስቦ አጠገቡ አመሸ፤
«ከሰል እንደ ምሥጢር ነው» አለኝ፣ «ቀዳዳ ካገኘ አመድ ነው የሚሆን።»
ሲወጣ ጥቁር ነበር፣ ከጥቁርም ጥቁር፣
በአንዷ ቁንጣሪ ስንት ሺህ ጓዳ፣ ስንት ሺህ በር፤
የኳስ ሜዳ የሚያህል ገላ በሻይ ማንኪያ ተቋጥሮ።

ግንፍሌ ድልድይ ሥር አባቴ ባትሪ ይሠራ ነበር፤
ሃያ ስድስት ዓመት እርሳስ አቅልጦ፣ በጣሳ ገልብጦ፣
አሲዱን ወደ ወንዙ፣
እርሳሱን ወደ ቅርጹ፣
ጭሱን ወደ ውስጥ።
ዛሬ ሻይ ሲያነሳ ስኒው ከማስቀመጫው ጋር ያወራል፤
ስሜን ጠርቶ፣ ለምን እንደጠራኝ ፊቴ ላይ ይፈልጋል።
ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባላል፤
እርሳስ ሳያሳስቅም ይወስዳል።

ሁለት እርሳስ አለ በእኛ ቋንቋ።
አንዱ ጆሮዬ ላይ የሰካሁት ነው፤
ስሙ እርሳስ፣ ሥጋው ከሰል፤
ቢሳሳት በላጲስ ይጠፋል።
ሌላው አጥንት ላይ ይጽፋል፣ ፊደሉ አይታይም፣
ላጲስም የለውም።

ከድልድዩ ሥር በጠርሙስ ቀዳሁ፤
ግማሽ ግራም ጥቁሩን ጨመርኩ፣ ሁለት ሰዓት ወዘወዝኩ፣ አጠለልኩ።
ማሽኑ ወረፋ አለው፤ ዘጠኝ ቀን ጠበቅኩ።
ማክሰኞ ወረቀቱ መጣ፦
ከመቶው እጅ ዘጠና ስድስቱ የለም።
ጋሽ ወርዶፋ መነጽሩን አወለቀ፣ ጠረገ፣ መልሶ አደረገ፣
«ድገሚው» አለ።
ደገምኩት። ዘጠና አምስት።
«አሁን አመንኩሽ፤ ሁለት ጊዜ እኩል የሚመጣ ቁጥር ውሸታም ነው።»

ከሰል ቢያጥቡት አይነጣም ይላሉ፤
እሱ ያጠበውን ግን አይቆጥሩለትም።

ጠርሙሱን ይዤ ቤት ሮጥኩ፣ መስኮቱ ጋ ለአባቴ አሳየሁት።
በፊትም ጥርት ያለ ነበር፣ አሁንም ጥርት ያለ ነው፤
የዚህ መርዝ ክፋቱ፣ ሲመጣም ሲሄድም አያስታውቅ።
ብዙ ዝም አለ። ከዚያ፣
አልፎ አልፎ በሚመለስለት በድሮው ድምፁ፦
«እርሳሱስ? የት ሄደ?»
«ከሰሉ ውስጥ።»
«ከሰሉንስ የት ትጥይዋለሽ?»

ቤት አስለቀቅኩት እንጂ አልገደልኩትም።
ይህንን ወረቀቱ አልነገረኝም፣
ባትሪ ሠሪ ነው የጠየቀኝ።

ማታውን ተመለስኩ፤ ጥቁሯን ዱቄት በብልቃጥ፣ ክዳኗን አጥብቄ፣
የታሰረበትን ቀን በእርሳስ ጻፍኩበት፣
በዚያኛው እርሳስ።

የራሱን ደም ነገር አላነሳብኝም፤
እኔም ከሰል ለአጥንት እንደማይደርስ አልነገርኩትም።
ነገ ጠዋት ጆንያዬን ይዤ በጓሮ በር ነኝ።
ለአንደኛው ዘግይቻለሁ።
ወንዙ ገና ይፈሳል።